ሐሙስ ባሕር የወጣው ሰው

አርብ ማለዳ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ የኤቤላኖ ሰዎች ነጭ አቡጀዴ ተሸክመው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ባሕሩ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ተፍቶ ነበር። ግልገል ይባል እንጂ ርዝመቱ ከትልቁ የመንደሩ ታንኳ አያንስም። በዚያ አገር ዓሣ ነባሪ ሲሞት እንደ ንጉሥ ይለቀስለታል፤ ይገነዛል፣ ከበሮ ይመታለታል፣ አረቄ ይፈስለታል፣ ከዚያም አሸዋው ተቆፍሮ ይቀበራል። ሴቶቹ ቀይና ጥቁር ጨርቅ አገልድመው ሙሾ ያወርዳሉ። ወንዶቹ ከራሱ ጀምረው አቡጀዴውን እየሳቡ ያለብሱታል።

ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ሙሾው ተቋረጠ።

ጅራቱን ካነቀው ገመድ ሥር የሰው እጅ ወጥቶ ነበር።

ኢንስፔክተር አፊባ ኤርዙዋ ከወረዳው ከተማ ስትደርስ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ማንም ምንም አልነካም። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ያደገችውም እዚሁ ዳርቻ ላይ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። ሆኖም ዓሣ ነባሪን በዚህ ቅርበት አይታ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆመች። ቆዳው ዝናብ እንዳራሰው ጥቁር ድንጋይ ያብረቀርቃል፤ ከአገጩ እስከ እምብርቱ በማረሻ የተተለመ የሚመስል ረዣዥም ትልም አለው። ያልተከደነው ዓይኑ ከሰው ጡጫ አይበልጥም። ከዚያ ሁሉ አካል መሐል ያ ትንሽ ዓይን የሚያያት መሰላት። ሳታስበው አንገቷን ሰበር አደረገች።

"አለቃ፣" አለ ሳጅን አልሀሰን ከኋላዋ፣ "እጅ የነሣሽው ለሰውየው ነው ለዓሣው?"

"ለሁለቱም። አንተም ብትነሣ አይጎዳህም።"

አልሀሰን የሰሜኑ ደረቅ አገር ሰው ነው። ባሕርን እንደ እብድ ዘመድ ነው የሚያያት፤ በአክብሮት፣ ግን ከሩቅ። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

ሟቹን መለየት አላስቸገረም። ክዋው ነበር፣ የእማማ አኩባ ልጅ። ጎረምሳ ሳለ ደማሚት እየወረወረ ዓሣ ከሚያጠምዱት አንዱ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ተወው፤ ከዚያ ወዲህ መረብ የያዛቸውን ኤሊዎችና ዓሣ ነባሪዎች እየጠለቀ የሚፈታ ሰው ሆነ። አሁንም የመጥለቂያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ ቢላዋው በክር ከእጁ አንጓ ተንጠልጥሏል። ገላው ላይ ቁስል የለም። ከሁለቱም ጆሮዎቹ ግን የቀጠነ ደም ወርዶ አንገቱ ላይ ደርቋል።

አፊባ መረቡን መረመረች። ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ በቀንድ አውጣና በባሕር ሣር የተሸፈነ። ለብዙ ጊዜ ባለቤት አልባ ሆኖ ሲንሳፈፍ የኖረ የትልቅ መርከብ መረብ ነው። እዚህም እዚያም በቢላዋ በንጽሕና ተቆርጧል። ያልተቆረጠው አንዱ ገመድ ብቻ ነው፤ ጅራቱን ከክዋው ክንድ ጋር አንድ ላይ ጠምጥሞ የያዘው።

"ግልጽ አይደለም እንዴ?" አለ አልሀሰን። "ሊፈታው ገባ፣ ገመዱ ያዘው፣ ሰጠመ።"

"የሰጠመ ሰው ከጆሮው ይደማል?"

"እኔ ውኃ የማውቀው በባልዲ ነው፤ አንቺ ንገሪኝ።"

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። በመሐል ረዥም ሽማግሌ መጣ፣ ነጭ ጨርቅ በትከሻው ጥሎ። ናና ካቤንላ የኤቤላኖ ዓሣ አጥማጆች አለቃ ነው። "የባሕሩ ጆሮ" ይሉታል። መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ነክሮ እጀታውን ጆሮው ላይ ከደገፈ የዓሣው መንጋ የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል ተብሎ በዳርቻው ሁሉ ይወራለታል።

ሽማግሌው ሬሳውን ብዙ አላየውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ትናንት ሐሙስ ነበር፣" አለ። "ሐሙስ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። አባቶቻችን መረብ አልጣሉበትም፤ እኛም አንጥልም። ይህ ልጅ ሐሙስ ወጣ፤ ባሕሩ ወሰደው። ሐሙስን የደፈረ አይለቀስለትም፤ ከእኛም ጋር አይቀበርም።"

አንዲት ሴት አሸዋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እማማ አኩባ ናት። አልጮኸችም። የአፊባን የሱሪ ጫፍ ጨብጣ፣ "ልጄ፣" አለች፣ "የእኔ ልጅ ሕግ አፍራሽ አይደለም። ለምን እንደወጣ እወቂልኝ። እንደ ውሻ ሜዳ ላይ እንዳይጥሉብኝ።"

"እማማ፣ ተነሡ። ሳላውቅ አልሄድም።" ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ናና፣ ትናንት እርስዎ የት ነበሩ?"

"ምን አልሽ?" ፊቱን አዞረላት። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለናና አይቀርብም።

"የት ዋሉ አልኩ?"

"እንደ ማንኛውም ሐሙስ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣ ጸሎት ቤቴ። ብቻዬን። በዚያ ቀን ማንም አይጠጋኝም።"

"ሌላው ሰውስ?"

"የብስ ላይ። ሁሉም!"

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አልሀሰን ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ያለ መንደር አይቼ አላውቅም። ሁሉም አንድ ምስክር ነው ያለው፤ ሐሙስ! እሱን ደግሞ ጣቢያ አስጠርተን ቃሉን አንቀበለው ነገር።"

*

ዶክተር አሚሳ ሬሳውን መርምሮ ሲጨርስ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ።

"አልሰጠመም፣" አለ። "የሁለቱም ጆሮዎች ታምቡር ተቀድዷል። ሳንባው ከውስጥ ደምቷል። ከውጭ ግን ጭረት የለም። ይህን የሚያደርግ አንድ ነገር ነው፤ ውኃ ውስጥ የፈነዳ ነገር። አየር ላይ ቢሆን ወድቆ ይነሣ ነበር። ውኃ ግን ጉልበቱን ሳይቀንስ ነው የሚያደርሰው፤ እንደ መዶሻ።"

"ግልገሉም?"

"እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ግን ጆሮ ጆሮ ነው። እነዚያ ፍጥረታት ደግሞ በጆሮ ነው የሚኖሩት ይባላል። እኛ ዓይናችንን ብናጣ ማለት ነው።"

 "ደማሚት፣" አለች አፊባ።

*

መንደሩ አስቀድሞ ጠላቱን መርጦ ነበር፤ ትልቁን የዓሣ መርከብ። ከአድማስ ላይ እንደ ከተማ መብራቱን አብርቶ ቆሞ የባሕሩን ወለል ሙልጭ አድርጎ የሚጠርገው እሱ ነው። ክዋው ከመርከበኞቹ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልቷል፤ ፎቶ እያነሣ ይከሳቸው ነበር። አፊባና አልሀሰን ወደቡ ድረስ ሄዱ። መርከቡ ግን ሞተሩ ተበላሽቶ ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ቆሟል፤ ዝገት እያረገፉለት ነው።

ካፒቴኑ ሳቀባቸው። "ደማሚት? እኔ? በአንድ ጉተታ መንደሩ በዓመት የማያየውን ዓሣ አወጣለሁ። ደማሚት ምን ያደርግልኛል?"

"ይሄ መከላከያ ነው ወይስ ኑዛዜ?" አለ አልሀሰን።

ካፒቴኑ ሳቁን ዋጠ። አፊባ ከመርከቡ ጀርባ የተከመረውን መረብ አየች፤ ወፍራም፣ ሰማያዊ።

"ሲቀደድባችሁ የት ትጥሉታላችሁ?"

ሰውየው ወደ ባሕሩ አየ። ለዚህ የሚጠይቀው ሕግ ሌላ ነው፣ ቀኑም ሌላ ነው። አፊባ ግን መረቡን ከነቀለሙ ፎቶ አነሣችው።

የቀረው ተጠርጣሪ ብላይ ነው። የክዋው የድሮ ባልንጀራ፣ አብረው ደማሚት ሲወረውሩ ያደጉ። ክዋው ሥራውን ሲተው ተጣሉ። ባለፈው ወር በገበያ መሐል "አንድ ቀን ከዓሣው ጋር እንጠብስሃለን" ብሎት እንደነበር የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ከመንደሩም ጠፍቷል።

ጫካው ውስጥ ካሉት የወርቅ ጉድጓዶች አጠገብ፣ ሸራ ድንኳን ውስጥ ተጋድሞ አገኙት። ቀኝ እግሩ ከጭኑ ጀምሮ በጀሶ ታስሯል። ማክሰኞ ዕለት ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው፤ ከሞት ያወጡት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ይመሰክራሉ።

"ክዋው ሞተ አሉኝ፣" አለ ሳይጠየቅ። ዓይኑ ቀልቷል። "እኔ ነኝ ብላችሁ መጣችሁ አይደል? በዚህ እግር ባሕር ቀርቶ ሽንት ቤትም አልደርስ።"

"ደማሚት ትሸጣለህ።"

"እሸጥ ነበር።"

"በዚህ ሳምንት ለማን ሸጥክ?"

ብላይ ጣሪያው ላይ አፈጠጠ። "እኔና ክዋው የመጀመሪያውን ደማሚት ስንወረውር ምን እንዳየን ታውቂያለሽ? ውኃው ነጭ ሆነ። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ብቅ ብቅ አሉ፤ ትልቁም፣ የእኔን ጥፍር የሚያክለውም፣ ገና እንቁላሉን ያልጣለውም። እኔ ዘለልኩ ከደስታ። እሱ አለቀሰ። ያኔ ነው ሞኝ ያልኩት።"

"ለማን ሸጥክ?"

"ስም ከእኔ አትጠብቂ።"

"ጓደኛህ በውሻ ቀብር ሊቀበር ነው።"

ፊቱ ተጨማደደ። ቢሆንም ስም አልወጣውም። "ብዙ ሰው ገዝቶኛል፣" አለ በመጨረሻ። "ይሄኛው ግን አላየኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እጁን ብቻ ነው የዘረጋልኝ። ሲያፍር ያየሁት ገዥ እሱ ብቻ ነው።"

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የክዋው ታንኳ ተገኘ። ጥርስ ድንጋይ ከሚሉት፣ ከባሕሩ መሐል እንደ ክራንቻ ከቆመው አለት ጀርባ፣ በጥሩ ቋጠሮ ታስሮ። አፊባ አንድ የመንደሩ ሰው በሚነዳት ትንሽ ሞተር ታንኳ ሄደች። አልሀሰንም የሕይወት ማዳኛውን ጃኬት ሁለት ደርቦ ለብሶ ከመሐል ተቀመጠ።

"አለቃ፣ እኔ ብሞት ለሚስቴ ምን ትያታለሽ?"

"በሥራ ላይ እንደሞተ።"

"እሱን አታምንም። በዓሣ ተበላ በያት።"

ክዋው ታንኳው ውስጥ ሸሚዙን አጣጥፎ ትቷል። የመጠጥ ውኃውም አልተነካም። አፊባ ድንጋዩን ዞር ብላ አየችው። ከመንደሩ በኩል የሚመጣ ሰው ይህን ታንኳ ሊያይ አይችልም። ከድንጋዩ ወዲህ ግን፣ በመንደሩ በኩል ራቅ ብሎ፣ የተቆራረጠው ሰማያዊ መረብ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ግልገሉ የተያዘው እዚያ ነው።

"ለምን እንዲህ ርቆ አሰረው?" አለ አልሀሰን።

ታንኳውን የሚመራው ሰውዬ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ውኃው ራሱ ተነሣ።

መጀመሪያ ማዕበል ነበር የመሰላቸው። ከዚያ ጥቁር ጀርባ እያደገ፣ እያደገ ወጣ፤ አያልቅም። ትንፋሿ እንደ ባቡር ጭስ ወደ ሰማይ ተወረወረና በነሱ ላይ በደቃቁ ዘነበ። የሞቀ ነበር፤ የባሕርም የወተትም ሽታ ያለው። ታንኳው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከፍ ያለችው ጅራት ለቅጽበት ፀሐይን ጋርዳ ቆመች፤ ውኃ ከጫፎቿ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ፣ መርፌ ወደ ጨርቅ እንደሚገባ ገባች።

አልሀሰን አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊቱ ርሷል፤ አልጠረገውም። "ሱብሐነላህ፣" አለ በሹክሹክታ። ከዚያም ደግሞ፣ "ሱብሐነላህ።"

"እናቱ ናት፣" አለ ባለታንኳው። "ከሐሙስ ጀምሮ አልሄደችም። ክዋው ታንኳውን አርቆ የሚያስረው ለዚህ ነው። ታንኳ ሲጠጋ ትደነግጣለች፤ ሰው ብቻውን ሲዋኝ ግን ትታገሠዋለች ይል ነበር። እኛ ዓሣ ስናጠምድ አይሆንም። ባዶ ባሕር ነው የሚፈልገው።"

"ባዶ ባሕር፣" አለች አፊባ። "ሐሙስ።"

"አዎ። ሐሙስን ለመድፈር አይደለም። ማንም እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው።"

አፊባ መቅዘፊያውን አነሣች። አባቷ እንዳስተማራት ሰፊውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነከረች፣ ጎንበስ ብላ የእጀታውን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ገጠመች።

ዝምታ ነው የጠበቀችው። የሰማችው ግን ዓለም ነበር። ቅርብ ላይ የአሸዋው ስንጥቅጥቅታ፣ ከድንጋዩ ሥር የሸርጣን ጥፍር፣ ሩቅ የሞገዱ ጉምጉምታ። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ አንድ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ረዥም፣ የምድር ወለል ራሱ የሚያንጎራጉር የሚመስል። ከእንጨቱ ወደ አጥንቷ፣ ከአጥንቷ ወደ ደረቷ ወረደ። እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ተሰቀለና ተቋረጠ። ጠበቀች። እንደገና ጀመረ፤ ያው ጥያቄ።

መልስ የሚሰጠው አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

አፊባ መቅዘፊያውን ከውኃው አወጣች። ሦስቱም ወደ መንደሩ ተመለሱ።

*

የአንዲት መበለት፣ የእትዬ ማንዛ ቤት ከባሕሩ ዳር የመጀመሪያው ነው። አፊባ ሐሙስ ዕለት ምን ሰምታ እንደሆነ ልትጠይቃት ገባች። አሮጊቷ ግን እንግዳ ሳይበላ አይነጋገርም ባይ ናት። ከካሳቫ የተሠራውን አቼኬ በሳህን አቀረበች፣ የተጠበሰ ዓሣ ከላይ፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ስልስ ከጎን።

"ብዪ፣ ልጄ። ዘንድሮ ዓሣ ብርቅ ነው። ልጆቻችን ሁሉ ዓሣ ጠፋ ብለው ወርቅ ጉድጓድ ገቡ። ናና ባይኖር በምን እንኖር ነበር!"

"ሐሙስ ከባሕሩ በኩል ምን ሰሙ?"

"ነጎድጓድ። አንድ ጊዜ። ካፊያ ስለነበር አልገረመኝም። ብዪ እንጂ!"

አፊባ ዓሣውን በጣቷ ፈለቀቀች። ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ወጉ ተላቀቀ፤ ልል ነው። አከርካሪው መሐል ላይ ደቋል፤ ዙሪያው ጥቁር ደም ቋጥሯል። በልጅነቷ አባቷ እንዲህ ያለ ዓሣ ገበያ ላይ ሲያይ ፈልቅቆ ያሳያት ነበር፤ "ይህን መረብ አልገደለውም፣ ልጄ። እንዲህ የሞተ ዓሣ ቤቴ አይገባም።"

አፊባ ጣቷን ከሳህኑ ሰበሰበች።

"እትዬ፣ ይሄን ዓሣ ከየት አገኙት?"

"ናና ነዋ! አርብ ማለዳ ለመበለቶች ሁሉ ላከልን። ከከተማ የበረዶ ቤት አስመጣሁ አለ። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮው ዓሣ አላገኘም፤ ሰዉ ባሕሩ ናቀው እያለ ማማት ጀምሮ ነበር። እሱ ግን ሆዳችንን አልረሳም።"

አፊባ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። አርብ ዕለት አሸዋው ላይ ያየችው አንድ ነገር ትዝ አላት። በጠየቀችው ጊዜ ከግራው ቆማ ነበር። ሽማግሌው "ምን አልሽ?" ብሎ ፊቱን ሲያዞር ተቆጥቶ መስሏት ነበር። አልተቆጣም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ አፍ ላይ አገኘችው። ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ፣ በተገለበጠች ትንሽ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። አልሀሰን ከዘንባባዎቹ ሥር ቀረ።

አፊባ በሽማግሌው ግራ በኩል ተቀመጠች። በዝግታ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ "ናና፣ ክዋው የሞተው በእርስዎ እጅ ነው፣" አለች።

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ተነሥታ ዞራ በቀኙ ተቀመጠች።

"ናና፣ ግራ ጆሮዎ መቼ ጠፋ?"

ያኔ ትከሻው ወረደ። ረዥሙ ሰው ድንገት አጠረ።  

"አባቴ ይሄን ጆሮ ያወረሰኝ ቤት እንደሚወረስ ነው፣" አለ። "መቅዘፊያዬን ስነክር ባሕሩ ይነግረኝ ነበር። ሰርዲኑ እንደ ዝናብ ነው የሚሰማው፤ ትልልቁ እንደ ሰው እርምጃ። ሁለት ዓመት ግን ምንም የለም፣ ልጄ። መርከቦቹ ጨርሰውታል። እኔ ግን ለማን ልንገር? ጆሮው አርጅቷል አሉኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ታንኳ ሙሉ ዓሣ ባመጣ ብዬ ተመኘሁ።"

"ለምን ሐሙስ?"

"ማንም ስለማይኖር። ሰው እንዳላይ፣ ሰው እንዳልጎዳ። ከካፊያው በስተቀር ማን ያየኛል አልኩ። ከጥርስ ድንጋይ ወዲህ ወፎች ተሰብስበው አየሁ፤ ዓሣ አለ ማለት ነው። ደማሚቱን ወረወርኩት። ጠበቅሁ፤ ዝም አለ። ውኃ ገባበት፣ ከሸፈ ብዬ ተመስገን አልኩ። እመኚኝ፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ መቅዘፊያዬን ነከርኩና ጆሮዬን ገጠምኩ።"

መዳፉን ግራ ጆሮው ላይ ጫነ።

"ቢላዋ ሰማሁ። ገመድ የሚቆርጥ ቢላዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ቆርጫለሁ፤ ያን ድምፅ አልስተውም። ከታች እናቲቱ ትዘምራለች። ቀና ብዬ ልጮህ አልኩ። ግራ ጆሮዬን ከእጀታው ሳላነሣ ፈነዳ።"

"ከዚያ?"

"ባሕሩ ጸጥ አለ። የቀረልኝን ጆሮ ገጠምኩ፤ ምንም። እሷም ዝም ብላለች። የሞተው ዓሣ ዙሪያዬን ነጭ አድርጎ ከበበኝ። ለቀምኩት፣ ልጄ። እያለቀስኩ ለቀምኩት።"

"አርብ ዕለት ግን በልጁ ላይ ፈረዱበት።"

"አዎ። እሱን የገደለው እጄ ነው። ያን የተናገረው ግን እኔ ነኝ።" ተነሣ። "ወደ እስር ቤትሽ ከመሄዴ በፊት እዚያው የተናገርኩበት ቦታ ውሰጂኝ። አፌ ያበላሸውን አፌ ያቅናው።"

*

የግልገሉ ቀብር በዚያው ቀን ነበር። ከበሮው እየተመታ፣ ወጣቶቹ አካፋ ይዘው አሸዋውን መቆፈር ጀምረዋል። ናና ካቤንላ በአፊባና በአልሀሰን መሐል ሲመጣ ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሽማግሌው ነጩን ጨርቅ ከትከሻው አውርዶ አሸዋው ላይ ጣለው። ሁሉንም ተናገረ፤ አላሳጠረም፣ አላመካኘም።

 ሲጨርስ እትዬ ማንዛ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ዞረች። አንድ ጎረምሳ አሸዋ ዘግኖ ሊወረውር ሲል እናቱ እጁን ያዘችው። ሌሎቹ ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ይመስል።

እማማ አኩባ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች። አፊባ መሐል ልትገባ አለችና ተወችው። ሴትዮዋ ከሽማግሌው ፊት ቆመች፤ በቀኙ በኩል፣ እንዲሰማት።

"አንተ ብቻ ነህ የሰማኸው፣" አለች። "ከዓለም ሁሉ አንተ ብቻ። ንገረኝ። ልጄ ፈርቶ ነበር?"

ናና ካቤንላ ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና ውኃው ላይ ጎንበስ ያለ ይመስል አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"አልፈራም፣" አለ። "የሚፈራ ሰው እጁ ይፈጥናል። የእሱ ቢላዋ አልፈጠነም። ይቆርጣል፣ ያርፋል፤ ይቆርጣል፣ ያርፋል። ባረፈ ቁጥር ግልገሉ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ልጅሽም የሚጠብቀው ያን ድምፅ ይመስላል። ከዚያ ይቀጥላል። የፈራ የለም፤ እናቲቱም አልፈራችም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።"

እማማ አኩባ ለረዥም ጊዜ አየችው። እንባዋ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን ከአርብ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አያውቅም። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና አካፋ ወደያዙት ወጣቶች ዞረች።

"ልጄን ከሆስፒታል አምጡልኝ፣" አለች። "ጉድጓዱንም ሰፋ አድርጉት።"